የጭነት ማራገፊያን ከመሐል ከተማ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ባይኖረንም ወደብ አለን። ከባድ መኪና የሚራገፍበት ቦታ ለከተማው ወደቡ ነው። ደብረ ብርሃንን የደሴ መንገድ መሐል ለመሐል ያቋርጣታል፤ ተሳቢ ከባጃጅና ከጋሪ ጋር ይጋፋል። ማራገፊያን ወደ ዳር ማውጣት ደግ ሐሳብ ነው። የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

መሬቱ ስለተገኘ ብቻ ቦታ መምረጥ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣው ጭነት በጫጫ በኩል ይገባል፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣው በጣርማ በር። ማራገፊያው በአንዱ ጫፍ ከሆነና ተለዋጭ መንገድ ከሌለ፣ የሌላኛው ወገን መኪና ከተማውን ሰንጥቆ ነው የሚደርሰው። ታዲያ ምን ተረፈን?

መኪናውን አስቀድሞ መንገዱን ማስከተል

የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ የጭነት ወደቧን በ2008 እ.ኤ.አ. ከመሐል ከተማ ዳር ወዳለው ቩኦሳሪ ስታወጣ አውራ ጎዳናውም ባቡሩም አብረው ደረሱ። ለባቡሩ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ተቆፍሯል። እኛ ዋሻ አያስፈልገንም። አስፋልት፣ መብራት፣ ውሃና ሽንት ቤት ግን ከመኪናው ቀድመው መግባት አለባቸው።

ሰዎቹን መርሳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ማራገፊያ ማለት መኪና ብቻ አይደለም። ጫኝና አውራጁ፣ ጎሚስታው፣ ደላላው፣ ሻይ የምታፈላው እናት፣ ባለጋሪው፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያድሩት የሚውሉት። ቦታው ሲርቅ አውራጁ ከዕለት ገቢው ላይ የታክሲ ይከፍላል። ተራ ሲጠብቅ የሚጠለልበት ከሌለ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኅዳር ውርጭ ቀልድ አይደለም። ባለሱቁም አለ። ሲሚንቶው ዳር ይወርዳል፣ እንደገና በአነስተኛ መኪና ተጭኖ ሱቁ ደጃፍ ይወርዳል። ይህ ድርብ ወጪ ዞሮ ዞሮ ሸማቹ ላይ ያርፋል። የማድረሻ ታሪፍና ለአነስተኛ መኪኖች የተፈቀደ ሰዓት ቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሲኖትራኩ በሌሊት ሹልክ ብሎ እዚያው የድሮው ቦታ ያራግፋል። ማን ይፈርድበታል?

መሬቱን የሚለቀው ገበሬም አይረሳ። ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ መሬት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እንደሚያዘው ካሳው ከማስለቀቁ ይቅደም።

የለቀቁትን ቦታ ባዶ መተው

የሄልሲንኪ የቀድሞ ወደብ ቦታዎች፣ ያትካሳሪና ካላሳታማ፣ ዛሬ የመኖሪያ ሰፈር ናቸው። ባዶ የተተወ ቦታ ላይ መኪናው ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሰንሰለት አያቆመውም። ስለዚህ የአሮጌው ቦታ ዲዛይንና በጀት ማራገፊያው ከመዛወሩ በፊት ይጽደቅ።