ማክሲማ እምቢ ሲላችሁ፦ የቡናው ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን

ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪዎችን ማክሲማ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ሳስለምድ የምጀምረው በሲኒ ቡና ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሕጉ የኒውተን ነው፦ ቡናው ከክፍሉ ሙቀት በራቀ ቁጥር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይህ በሒሳብ ሲጻፍ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ይሆናል፤ ማለትም አንድ ነገር የሚለወጥበትን ፍጥነት (ዴሪቬቲቩን) የያዘ ኢኩዌሽን። ተማሪዎች ሲፈቱት የሚገጥማቸውን ችግር ከነመፍትሔው በየተራ እነሆ።

ኢንተር ብጫን መልስ የለም። ደብልዩኤክስ ማክሲማ (ማክሲማን የምንጽፍበት መስኮት) ላይ ኢንተር ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወስዳል እንጂ አያሰላም። ሺፍትን ይዛችሁ ተጫኑት።

«ትክክለኛ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን አይደለም» ይለኛል። ይቺ ብዙ ተማሪ ተስፋ ታስቆርጣለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ ነው፤ ታዲያ ምን ሆነ? ዲፍ የሚለውን ትዕዛዝ እንዲሁ ስትጽፉት ማክሲማ ዴሪቬቲቩን እዚያው ያሰላዋል። ሙቀቱ ከጊዜ ጋር እንደሚለወጥ ስላልነገራችሁት ቋሚ አድርጎ ይወስደዋል፤ የቋሚ ዴሪቬቲቭ ደግሞ ዜሮ ነው። ኢኩዌሽኑን የሚፈታው ትዕዛዝ፣ ኦዲኢ2፣ ዘንድ ሲደርስ ዴሪቬቲቭ የሚባል ነገር አልቀረም። ከዲፍ ፊት ነጠላ ጥቅስ አድርጉ። «አሁን አታስላው፣ እንዳለ ተወው» ማለት ነው። ተማሪ ይህችን ጭረት እንደ ጌጥ ስለሚያያት ይዘላታል፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው እሷን ነው።

አሁንም ካልሠራ፣ ቀደም ብላችሁ ለአንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥታችሁ ይሆናል። ማክሲማ ላይ ቁጥር የሚሰጠው በሁለት ነጥብ ነው፤ የእኩል ምልክት የሚጽፈው ኢኩዌሽን ነው። ኪል ኦል (ሁሉን አጥፋ) ብላችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።

መልሱ ውስጥ ፐርሰንት ሲ የሚባል ያልታወቀ ቁጥር መጣ። ስህተት አይደለም። የመነሻውን ሙቀት ገና አልሰጣችሁትም፤ አይሲ1 በሚባለው ትዕዛዝ ስጡት።

ግራፉ ከቴርሞሜትሩ ጋር አይገጥምም። መነሻውን 100 ዲግሪ አላችሁ? እሱ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሲኒ ውስጥ ሲቀዳ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፤ ስለዚህ ራሳችሁ ለኩት። ክፍሉ 18፣ ቡናው ሲቀዳ 82፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ 50 ሆነ እንበል። ልዩነቱ ከ64 ወደ 32 ወረደ፤ በግማሽ ማለት ነው። ቡናው የሚቀዘቅዝበትን ፍጥነት የሚወስነው ቁጥር በደቂቃ 0.07 ገደማ ይሆናል፤ በ20ኛው ደቂቃ 34 ትጠብቃላችሁ።

ቡናው ከዜሮ በታች 52 ገባ። ጊዜውን በእርምጃ ከፋፍሎ መልሱን በሚገምተው በኦይለር ዘዴ በ30 ደቂቃ እርምጃ ሄዳችኋል። ዘዴው የመጀመሪያውን ፍጥነት ይዞ 30 ደቂቃ ሙሉ ይነዳዋል፤ ቡናው ግን ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱም ይቀንሳል። እርምጃውን 1 ደቂቃ አድርጉት። 20ኛው ደቂቃ ላይ 33 ታገኛላችሁ፤ እርምጃውን ይበልጥ ስታሳጥሩ ወደ 34 ይጠጋል።