ፈቃዱ ሳይመጣ መጀመር፦ በኤፍ-1 ቪዛ አሜሪካ የሚማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኤፍ-1 ቪዛ አሜሪካ ለሚማር ሰው ብዙው ነገር ክልክል አይደለም። ኮርስ መጣል ይቻላል፣ መሥራት ይቻላል፣ ሴሚስተር አቋርጦ አገር ቤት መግባትም ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው መጀመሪያ አድርጎ በኋላ ሲጠየቅ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ መዝገብ ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ውስጥ አለ። በዩኒቨርሲቲው በኩል መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ዲ ኤስ ኦ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሠራተኛ ነው። ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ትናንት ለተደረገ ነገር ዛሬ ፈቃድ መጻፍ አይችልም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ስምና ልደትን እንደመጣ መሙላት

ገዥው ፓስፖርቱ ነው። “ፀሐይ”ን አንድ ቦታ በ“ቲ”፣ ሌላ ቦታ በ“ኤስ” መጀመር፣ “ወልደ ማርያም”ን አንዴ አጣብቆ አንዴ ለያይቶ መጻፍ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መፍጠር ነው። ፓስፖርታችሁ ሰርኔም በሚለው መስመር ላይ የያዘው የአያት ስም ከሆነ፣ ማመልከቻውም ላይ ላስት ኔም የአያት ስም ነው፤ ትራንስክሪፕቱ በአባት ስም ቢያበቃም እንኳ። አይ-20 የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጣችሁ ፎርም ሲደርሳችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ከቪዛ ቀጠሮ በፊት ከሆነ በአንድ ኢሜይል ይታረማል። ቪዛው ከታተመ በኋላ ግን ቪዛውም አብሮ መታረም አለበት።

ልደት ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ፌብሯሪ 10 ቀን 2006 ነው የተወለደችው። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ 1998 ብቻ ተጽፎ ዓ.ም. መሆኑ ካልተገለጸ፣ የሚያነበው ሰው ስምንት ዓመት ያሳድጋታል። በዚያ ላይ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፦ 02/10/2006 እነሱ ዘንድ ፌብሯሪ 10 እንጂ ኦክቶበር 2 አይደለም።

ሰዓትም እንደዚሁ። የማመልከቻ መዝጊያ ጃንዋሪ 1፣ 11፡59 ፒ ኤም በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ሲባል፣ አዲስ አበባ ላይ ጃንዋሪ 2 ጠዋት 1፡59 ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በማን ሰዓት እንደሆነ አንብቡ፤ የአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ከተማ ሰዓት፣ የሌላው በአመልካቹ ሰዓት ነው።

“ሙሉ ስኮላርሺፕ” የሚለውን ቃል ሳይፈቱ መቀበል

ብዙ ጊዜ ሙሉ የሚባለው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና ኢንሹራንስና መጻሕፍት ሌላ ሒሳብ ናቸው። ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የሚሸፍነው ምን ምን ነው? በየዓመቱ ይታደሳል? ለመታደስ ስንት ነጥብ ይጠይቃል? ከተጠየቀው ነጥብ በታች ወርዳችሁ ገንዘቡ ከተቋረጠ የሚተካው የመንግሥት እርዳታ የለም፤ ፋፍሳ በሚባለው ፎርም የሚጠየቀው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ለኤፍ-1 አይሰጥም።

“ቀሪውን ሠርቼ እሞላዋለሁ” የሚለውን ደግሞ በቁጥር እንየው። ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በሰዓት 15 ዶላር፣ በዓመት 30 የትምህርት ሳምንት ብትሠሩ 9,000 ዶላር ነው፤ ያውም ታክስ ሳይነሳለት፣ ያውም ሥራው ከመጀመሪያው ሳምንት ከተገኘ። አይ-20 ላይ የተጻፈውን የዓመት ወጪ አጠገቡ አስቀምጡና ጉድለቱን አስሉ።

ቪዛውን የመኖሪያ ፈቃድ አድርጎ ማየት

ቪዛ በር ማንኳኪያ ነው። ከገባችሁ በኋላ አገሩ ላይ የሚያቆያችሁ ስታተሳችሁ፣ ማለትም ሕጋዊ ተማሪነታችሁን የሚያሳዩት አይ-20ውና የመግቢያ መዝገባችሁ አይ-94 ናቸው። ቪዛው አሜሪካ ውስጥ እያላችሁ ቢያልቅ ስታተሳችሁ አይነካም። ወጥታችሁ ለመመለስ ስትሉ ግን አዲስ ያስፈልጋችኋል። ቪዛው ላይ ኢንትሪስ ከሚለው ሥር 1 ከተጻፈ ደግሞ ቀኑ ባያልቅም የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ለገና ወይም ለሠርግ ብድግ ብሎ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይቺን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። አይ-20ው ላይ ያለው የጉዞ ፊርማም 12 ወር ያልሞላው መሆን አለበት።

ስትገቡ አይ-20ው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው የኢሚግሬሽን መኮንኑን ነው፤ ሻንጣው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አይ-20ውን ሻንጣ ውስጥ የከተተ ተማሪ ከወረቀቱ ጋር የሚገናኘው ከጥያቄው በኋላ ይሆናል። መግባት የሚቻለውም አይ-20 ላይ ካለው የፕሮግራም መጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው፤ ዘመድ ለመጠየቅ ብሎ ሁለት ወር ቀድሞ መምጣት አይሠራም።

በገባችሁ በሳምንቱ አይ-94ን ከድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ አውርዱ። ክፍሉ ኤፍ-1 ይላል? ስሙና ልደቱ ልክ ነው? የመቆያው ቦታ ላይ ዲ/ኤስ ካለ ትምህርቱ በሥርዓት እስከቀጠለ ድረስ ማለት ነው። ቀን ተጽፎበት ካገኛችሁት ግን ዛሬውኑ ወደ ዲ ኤስ ኦ ውሰዱት። ቤት ከቀየራችሁም በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ አሳውቁ።

ኮርሱን ጥሎ መናገር

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። የድኅረ ምረቃውን ዩኒቨርሲቲው ይወስናል፤ በብዙ ቦታ 9 ነው። ከ12ቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ኮርስ የሚቆጠረው አንድ ብቻ፣ እስከ 3 ክሬዲት ነው።

ስህተቱ እንዲህ ይፈጸማል። ተማሪው 13 ክሬዲት ይዟል። ካልኩለሱ የመጀመሪያውን ፈተና 41 አመጣ። ጓደኛው “ኤፍ ከሚሆንብህ ደብሊው ይሻላል” አለው (ኤፍ መውደቅ፣ ደብሊው ኮርሱን መጣል ነው)፤ ለአሜሪካዊው ጓደኛ ምክሩ ትክክል ነው። ሌሊት ስልኩን ከፍቶ ባለ 4 ክሬዲቱን ኮርስ ጣለ። የምዝገባው ሲስተም ስለ ቪዛ አያውቅም፣ አይጠይቅምም፤ “ተሳክቷል” ብሎ ይመልሳል። ተማሪው 9 ክሬዲት ላይ ቀረ፤ ሲነጋም ከስታተስ ውጭ ነው።

ያው ተማሪ አንድ ቀን ቀድሞ ዲ ኤስ ኦውን ቢያነጋግር መንገድ ሊኖር ይችል ነበር። ከአሜሪካ የማስተማሪያ ዘዴ ወይም ከእንግሊዝኛ ንባብ ጋር አልተላመድኩም፣ ያለ ደረጃዬ ኮርስ ተመድቤ ነበር የሚሉት ምክንያቶች በሕጉ የታወቁ ናቸው። በዚህ ምክንያት ክሬዲት መቀነስ በአንድ የዲግሪ ደረጃ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ይፈቀዳል፣ ቢያንስ 6 ክሬዲትም መቅረት አለበት። በሕመም ምክንያት ደግሞ በሐኪም ደብዳቤ ተደምሮ እስከ 12 ወር ድረስ ይቻላል። “ነጥቤ እንዳይበላሽ” የሚለው ግን ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈቃድ ካልተገኘ፣ ኮርሱን ይዞ መውደቅ ከስታተስ ከመውደቅ ይሻላል። መራራ ነው፣ ግን ኤፍ ተደግሞ ይታረማል።

ሴሚስተር ማቋረጥም በዚሁ መልክ ነው። ቀድሞ ያስፈቀደ ከአሜሪካ ለመውጣት 15 ቀን ይሰጠዋል። ሳያስፈቅድ ያቆመ ምንም ቀን የለውም። ከአምስት ወር በላይ ከትምህርትና ከአሜሪካ የራቀ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አይ-20 ያስፈልገዋል።

“ካሽ ነው፣ ማን ያውቃል?”

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም መመለሻው ጠባብ ነው። ክሬዲት የጎደለበት ተማሪ ስታተሱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ግን በደንቡ ለዚያ ብቁ አይደለም።

ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ሰዓቱ የሁሉም ሥራዎች ድምር ነው፦ ቤተ መጻሕፍት 12፣ ካፍቴሪያ 10 ከሆነ 22 ነውና አልፏል። በሳምንታት መካከል ማቻቻልም የለም፤ በዚህ ሳምንት 25፣ በሚቀጥለው 15 ብሎ “አማካዩ 20 ነው” አይባልም።

ከግቢ ውጭ ግን የሐበሻ ምግብ ቤት ማስተናገድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ መጠበቅ፣ በሌላ ሰው አካውንት ምግብ ማድረስ ወይም ታክሲ መንዳት፣ ሁሉም ያልተፈቀደ ሥራ ነው። በሽልማት መልክ ወይም በቤት ኪራይ ቅናሽ መከፈሉ ነገሩን አይለውጠውም። በተለይ የሚያሳስተው “የእኛው ሰው ነው፣ አይናገርም” የሚለው ነው። ነገሩ የሚወጣው ግን አሠሪው ተናግሮ ላይሆን ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ የግሪን ካርድ ማመልከቻ ሲሞላ “ያለ ፈቃድ ሠርተህ ታውቃለህ?” ተብሎ በፊርማ ይጠየቃል። እውነቱ ይጎዳል፤ ውሸቱ የባሰ ይጎዳል።

ልምምድ ያገኘ ተማሪ ሲ ፒ ቲ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማሩ በኋላ ይገኛል፤ የአሠሪው ስም፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አዲሱ አይ-20 ላይ ይታተማል። ፈቃዱ ከሰኞ የሚጀምር ከሆነ አርብ ዕለት ለሥልጠና ተብሎ መግባትም ሥራ ነው። ሙሉ ሰዓት ሲ ፒ ቲ 12 ወር ከሞላ ደግሞ በዚያ የዲግሪ ደረጃ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ኦ ፒ ቲ፣ ይቀራል። 11 ወር ላይ የሚያቆሙ ተማሪዎች ለምን እንደሚያቆሙ አሁን ገባችሁ።

ፎርሙን ሳያነቡ ምልክት ማድረግ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዲ ኤም ቪ ስትሄዱ በፎርሙ ወይም በስክሪኑ ላይ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ዜጋ ነህ ወይ የሚልም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሠራተኛዋ ቶሎ ቶሎ ትላለች፤ ጣት “የስ” ላይ ያርፋል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ለዘለቄታው ሊያስከለክል የሚችል ነገር ነው፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድም እጅግ ጠባብ ነው። ሥራ ስትጀምሩ የምትሞሉት አይ-9 ላይም የመጀመሪያው ሳጥን የዜጎች ነው፤ የእናንተው ሥራ የተፈቀደለት የውጭ ዜጋ የሚለው ነው።

ማሪዋናም ከዚሁ ወገን ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች፣ ዲሲና ቨርጂኒያም መያዝን ፈቅደዋል። ቪዛ የሚሰጠውና የሚከለክለው ግን የፌዴራል ሕግ ነው፤ እዚያ አልተፈቀደም።

“አልሠራሁም፣ ታክስ አይመለከተኝም”

ገቢ ያልነበረው የኤፍ-1 ተማሪም ፎርም 8843ን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ እስከ ጁን 15 ይልካል። ደመወዝ የነበረው ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን የገቢ ታክስ ፎርም፣ 1040-ኤን አርን፣ እስከ ኤፕሪል 15 ይሞላል። ስህተቱ ጎረቤት የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ከፍቶ እንደ ነዋሪ መሙላት ነው። ኤፍ-1 ተማሪ በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት ለታክስ ነዋሪ አይደለም፤ ዲሴምበር 28 የገባ እንኳ ያቺ አራት ቀን አንድ ዓመት ተብላ ትቆጠርበታለች። እንደ ነዋሪ ሞልቶ ለትምህርት የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ የተመለሰለት ተማሪ ያልተገባውን ገንዘብ ነው የወሰደው።

ፔይስሊፓችሁን አውጡና ሶሻል ሴኩሪቲ እና ሜዲኬር የሚሉትን መስመሮች እዩ። በነዚያ አምስት ዓመታት ባዶ መሆን አለባቸው። 7.65 በመቶ እየተቆረጠ ከሆነ ለደመወዝ ክፍሉ ተናገሩ። ስኮላርሺፓችሁ ምግብና መኝታ ከሸፈነ ያ ክፍል ታክስ አለው፤ ለኤፍ-1 በ14 በመቶ ይቀነሳል። የቻይና ወይም የሕንድ ተማሪ “በስምምነት ነፃ ነኝ” ሲል ሰምታችሁ ያንኑ አትሙሉ፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት የላትም።

ማስኮረጅን እንደ ውለታ ማየት

ኩረጃ ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ያስኮረጀውም እኩል እንደሚጠየቅ ግን ብዙው አዲስ ተማሪ አያውቅም። የቤት ሥራችሁን ለጓደኛ በቴሌግራም ልካችሁ እሱ ቃል በቃል ካስገባው፣ ሁለታችሁም ትጠራላችሁ። አብሮ መሥራት የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት “ሲለበስ” በሚባለው የኮርሱ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጠቀምም እንደዚያው፣ አንዱ መምህር የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል። ለአሜሪካዊ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር እገዳ አንድ ሴሚስተር ነው። ለኤፍ-1 ግን የታገደ ሰው ስላልተመዘገበ ስታተሱም አብሮ ይሄዳል።

ኦ ፒ ቲን ከምረቃው ድግስ በኋላ ማሰብ

የማመልከቻው መስኮት ፕሮግራሙ ከሚያልቅበት ቀን 90 ቀን በፊት ተከፍቶ 60 ቀን በኋላ ይዘጋል። በዚህ ውስጥ ሌላ ትንሽ መስኮት አለች፦ ዲ ኤስ ኦው ድጋፉን ሴቪስ ላይ ከመዘገበ በኋላ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ የኢሚግሬሽን ቢሮው ዘንድ መድረስ አለበት። በ31ኛው ቀን የደረሰ ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ ዲ ኤስ ኦውን የምትጠይቁት ፎቶው፣ ክፍያውና ሰነዱ ተዘጋጅቶ ነው። የሚቆጠረው ቀን ደግሞ አይ-20 ላይ ያለው የፕሮግራም ማብቂያ እንጂ ጋውን የምትለብሱበት ቀን አይደለም።

ካርዱ ሳይመጣና የተጻፈበት መጀመሪያ ቀን ሳይደርስ ሥራ አይጀመርም። ከዚያ ቀን አንሥቶ ግን ሥራ የሌለበት እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ ድምሩ 90 እስኪሞላ። ሥራ ገና እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቀኑን ሕጉ እስከሚፈቅደው፣ ከፕሮግራሙ ማብቂያ እስከ 60 ቀን ድረስ፣ መግፋት ትችላላችሁ። ሥራ ስታገኙም መቀጠራችሁን በ10 ቀን ውስጥ በተማሪ ፖርታሉ ወይም በዲ ኤስ ኦው በኩል አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ሥራ በሴቪስ ዓይን ሥራ ፈትነት ነው፣ ቆጣሪውም አይቆምም።