ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ገንዘብ ስትጠይቁ የሚጥሏችሁ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ወደ ምዕራብ ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ብዙም ሳትቆዩ ካርዴሮክ ትደርሳላችሁ። እዚያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ የሚፈትንባቸው ገንዳዎች አሉ። ገንዳዎቹን የያዘው ሕንፃ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የምርምር ቢሮው አርሊንግተን ነው። መርከብ የሚያሠራው ክፍል ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚሁ ዲሲ፣ ኔቪ ያርድ ውስጥ ነው። ሁሉም እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖርበት አካባቢ ነው። መሐንዲስ ሆናችሁ የራሳችሁን ትንሽ ኩባንያ ከከፈታችሁ ይህ ጎረቤት ደንበኛችሁ ሊሆን ይችላል።

መንገዱ ኤስቢአይአር (SBIR) ይባላል፤ ለአነስተኛ ኩባንያዎች ምርምር ገንዘብ የሚያውል የፌዴራል ፕሮግራም ነው። በ1982 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከራሱ ውጭ ላሉ ተመራማሪዎችና ኩባንያዎች ለምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፍል የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በጀት ቢያንስ 3.2 በመቶውን ለአነስተኛ ኩባንያዎች ምርምር እንዲያውል ይገደዳል። ሥራው ሦስት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ሐሳቡ እንደሚሠራ ታሳያላችሁ። በሁለተኛው ናሙናውን ትሠራላችሁ። በሦስተኛው ትሸጣላችሁ። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ሦስቱን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የትኞቹን እንደሆነ ግን አልናገርም።

ትልቁ ስህተት ገንዘቡን እንደ እርዳታ ማየት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ፕሮግራም የምርምር ድጎማ ይሰጣሉ። ባሕር ኃይሉ ግን የሚፈርመው የግዢ ውል ነው። የሚያወጣው ርዕስ፣ ማለትም መፍትሔ የሚፈልግለት ችግር፣ ሁሉ ቁጥር አለው። ለምሳሌ «ኤን241» ብሎ የሚጀምር ቁጥር የባሕር ኃይል፣ የ2024፣ የመጀመሪያው ዙር ማለት ነው። ከቁጥሩ ጀርባ አንድ ራስ ምታት የሆነበት ሰው አለ። ዝገት ያስቸገረው፣ ሶናሩ (ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚያገኝበት መሣሪያ) የሚረበሽበት፣ መለዋወጫ ያጣ ሰው። ብዙዎቻችን ግን ርዕሱን የምናነበው «የእኔን ሴንሰር የት ልሸጉጠው?» ብለን ነው። ገምጋሚው ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው፤ አለመጠየቅ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ነው። ርዕሶቹ በይፋ ለማመልከቻ ከመከፈታቸው በፊት አስቀድመው የሚታዩበት አጭር ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ርዕሱን የጻፈውን ባለሙያ በቀጥታ ማነጋገር ይፈቀዳል። ስሙና አድራሻው እዚያው አለ። ማመልከቻው ከተከፈተ በኋላ ግን ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ፣ ስም ሳይጠቀስ፣ ሁሉም ሰው መልሱን በሚያይበት መድረክ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይዞን «ትልቅ ሰው እንዴት በስልክ አስቸግራለሁ» እያልን ጊዜው ያልፋል። ደውሉ። ሰውየው እንዲደወልለት ነው ስልኩን የጻፈው። «እስካሁን ምን ሞክራችሁ አልሠራም?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብቻ፣ አንድ ወር ተቀምጣችሁ ከምታነቡት የበለጠ ታገኛላችሁ።

ባሕሩን መርሳት ሌላው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያማረ መሣሪያ መርከብ ላይ ሲወጣ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል። ውሃ ውስጥ የሚቆይ ነገር ሁሉ አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ይለጥፋል። ዙሪያው በራዳርና በሬዲዮ የተሞላ ስለሆነ መሣሪያችሁ ሌላውን እንዳይረብሽ፣ እሱም እንዳይረበሽ ይፈተናል። የድንጋጤ ፈተናው ደግሞ ጉድ ነው። ከባድ ዕቃ ከሆነ ተንሳፋፊ ጀልባ ላይ ይታሰርና አጠገቡ ውሃ ውስጥ ፈንጂ ይፈነዳል። ሊቲየም ባትሪ ካለው ራሱን የቻለ የደህንነት ፈቃድ ይጠይቃል። የሰርጓጅ መርከብ ዕቃ ከሆነ በዚያች ጠባብ መግቢያ ይገባል ወይ? ሲበላሽ የሚጠግነው ማዕበል ላይ እንቅልፍ ያጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም። በመጀመሪያው ምዕራፍ እነዚህን ፈተናዎች እንድታልፉ ማንም አይጠብቅም። እንደምታውቋቸው ግን በሁለት አንቀጽ አሳዩ። ብዙ ጥሩ መሐንዲሶች የሚወድቁት እዚች ጋ ነው።

የማን ኩባንያ፣ የማን ሠራተኛ የሚለውም አለ። ኩባንያው ለትርፍ የሚሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ፣ እህት ድርጅቶቹን ጨምሮ ከ500 ሠራተኛ ያልበለጠ መሆን አለበት። ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱም የአሜሪካ ዜጎች ወይም የቋሚ ነዋሪዎች መሆን ይኖርበታል። «ዜግነት ካላገኘሁ አይሆንም» ብለው የተዉ የአገር ልጆች አውቃለሁ። ግሪን ካርድ ይበቃል። የጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ሕግ በሚነካቸው ርዕሶችም ቢሆን ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ አሜሪካዊ ይቆጠራል። በሥራ ቪዛ ያለ ጓደኛችሁን ግን ለእንዲህ ያለው ርዕስ ዝም ብላችሁ አታስገቡት፤ አስቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ጊዜውን የሚያስተምር ሰውም በኤስቢአይአር የምርምሩ መሪ መሆን አይችልም፤ ዋና ሥራው ከኩባንያው ጋር መሆን አለበት። ለእሱ የሚሻለው ኤስቲቲአር የሚባለው እህት ፕሮግራም ነው። በዚያ ኩባንያው ቢያንስ 40 በመቶ፣ የምርምር ተቋሙ ቢያንስ 30 በመቶ ሥራውን ይሠራሉ።

ጥቃቅን የሚመስሉትን በችኮላ ልጥቀስ። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያው ምዕራፍ የቴክኒክ ጽሑፍ ከ10 ገጽ እንዳይበልጥ ነው የሚባለው፤ አልፋችሁ ብትጽፉ ዳኛ ፊት ሳትቀርቡ ተፈረደባችሁ ማለት ነው። መዝጊያው 12 ሰዓት ከተባለ እኩለ ቀን ነው፤ እኩለ ሌሊት አይደለም፤ የእኛ የማታው 12 ሰዓትማ ጭራሽ አይደለም! የመንግሥት አቅራቢነት ምዝገባ ነፃ ነው፤ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት። ምዝገባው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጀምሩ። ሕጉም ቢሆን በየጊዜው የሚራዘም ነው። በ2022 የተራዘመው እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነበር፤ ስለዚህ ወራት ከማፍሰሳችሁ በፊት ጥሪ ክፍት መሆኑን እዩ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገንዘብ፣ በቅርብ ጥሪዎች ለስድስት ወር 140 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ሲያገኝ ድግስ ይደግሳል። ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ያሸነፋችሁት ሥራ ቀጣይ ከሆነ፣ መንግሥት በሦስተኛው ምዕራፍ ያለ ሌላ ጨረታ ከእናንተው መግዛት ይችላል። የገንዘብ ጣሪያም የለውም። ገንዘቡ ግን ከኤስቢአይአር ቋት አይመጣም፤ ከመርከቡ ፕሮግራም በጀት ነው የሚመጣው። ያ በጀት ደግሞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይታቀዳል። ስለዚህ ናሙናው ካለቀ በኋላ ገዢ መፈለግ የዘገየ ነው። ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የነበረው ዲጂታል ሲስተም ሪሶርስስ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ በልዩ ትዕዛዝ በሚሠሩ ውድ ኮምፒውተሮች ፋንታ ከገበያ የሚገኙትን ለሰርጓጅ መርከብ ሶናር ማዋል እንደሚቻል በዚሁ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። ሥራው በባሕር ኃይሉ ሰርጓጆች ላይ ተገጠመ። በ2003 ግዙፉ የመከላከያ ኩባንያ ጄኔራል ዳይናሚክስ ኩባንያውን ገዛው።

ኩባንያችሁን ለመሸጥም ሆነ ለማቆየት፣ ያላችሁ ሀብት መረጃችሁ ነው። በዚህ ፕሮግራም የሠራችሁት ቴክኒካዊ መረጃ ውሉ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ይጠበቅላችኋል። የምታስረክቡት ሥዕልና ሪፖርት ላይ ግን ውሉ የሚያዘውን የመብት ጽሑፍ ማስፈር የእናንተ ፈንታ ነው። ከረሳችሁ በስድስት ወር ውስጥ ይስተካከልልኝ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እስከዚያ ድረስ ፋይሉ ለማን ለማን እንደተላከ ግን ማን ይነግራችኋል?