የእንጉዳይን ባሲዲየም በማይክሮስኮፕ ለማየት

እንጉዳይ ላይ ሜዮሲስ (ክሮሞዞም የሚባሉት የዘር መረጃ ተሸካሚዎች ቁጥር በግማሽ የሚቀንስበት የሴል ክፍፍል) የሚካሄደው ባሲዲየም በሚባለው ዱላ መሰል ሴል ውስጥ ነው። ቦታው ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ላሜላዎች ላይ ነው። በባሲዲየሙ ውስጥ ሁለት ኒውክለሶች (የዘር መረጃውን የያዙ የሴል እምብርቶች) ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ፤ በሜዮሲስ አራት ይወጣሉ። ከዚያ በሴሉ አናት ስተሪግማ የሚባሉ ቀጫጭን ቀንዶች ይበቅላሉ፣ ስፖሩም (የእንጉዳዩ መራቢያ ቅንጣት) ጫፋቸው ላይ ያድጋል።

ሀዋሳ ላይ ለዚህ ሥራ እንጉዳይ ስትገዙ ነጩን ክብ እንጉዳይ ተዉትና ኦይስተር የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ። የነጩ ባሲዲየም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ስፖር ብቻ ነው፤ አራቱ ኒውክለሶች ሁለት ሁለት ሆነው ይገቡባቸዋል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ሜዮሲሱ በግማሽ የቀረ ይመስለዋል። ኦይስተሩ ግን አራት ይይዛል። የቆቡ ጠርዝ ገና በትንሹ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ምረጡ። በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ላሜላውም ይሟልጣል። በበጋ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆየ ደግሞ ይደርቅና በምላጭ ለመቁረጥ ያስቸግራል።

ሦስት አራት ላሜላ ያለበትን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቁራጭ ለሁለት በተሰነጠቀ ካሮት መሃል አጣብቁት። አዲስ ምላጭ ውኃ አስነክታችሁ ካሮቱንም ላሜላውንም አብራችሁ አግድም ደጋግማችሁ ቁረጡ። ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ብቻ ስላይድ ላይ አኑሩ። በላዩ አንድ ጠብታ 3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ። ይህ 3 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጓንት ልበሱ፣ ዱቄቱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ዱቄቱ አታድርጉ። ከደቂቃ በኋላ በሶፍት መጥጣችሁ 1 በመቶ ኮንጎ ሬድ የሚባለውን ቀይ ማቅለሚያ አንጠብጥቡ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በዚያው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እጠቡት። ከቨር ስሊፑን (ስስ መሸፈኛ መስታወቱን) ከአንድ ጎን ጀምራችሁ በዝግታ አስተኙት፤ በድንገት ከጣላችሁት አየር ያስገባል። ከዚያ በእርሳስ ላጲስ በቀስታ መታ መታ አድርጉት፤ ሴሎቹ ይለያያሉ።

በ10 ሌንስ የላሜላውን ጠርዝ ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ 40 እለፉ። ሁለት ቀንድ ብቻ ከታየ ለመቁጠር አትቸኩሉ። አራቱ በአንድ ከፍታ ስለማይቆሙ ጥቃቅን ማስተካከያውን ወዲያና ወዲህ ስታዞሩ የቀሩት ብቅ ይላሉ። ሴሎች ከተደራረቡ ቁራጩ ወፍራም ነው፤ እንደገና ቁረጡ።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ቀንድ ካበቀለ ባሲዲየም ውስጥ ሜዮሲስ አልቋል። ለሂደቱ ራሱ ቀንድ አልባዎቹን ተመልከቱ። ለኒውክለሱ ሌላ ቁራጭ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ባለው ድብልቅ ውስጥ አሳድሩ፣ ኒውክለስን በሚያቀልመው አሴቶካርሚን ቀቡት፣ ሳይፈላ አሙቁት። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እዚህ አይገባም፤ አሲዱን ያበላሻል። በ100 የዘይት ሌንስ ኒውክለሱ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ክሮሞዞሙን ግን ከትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አትጠብቁ፤ የእንጉዳይ ክሮሞዞም በጣም ትንሽ ነው።