አንዴ የታከመ የጥርስ ሥር እንደገና እንዴት ይታከማል?

«ነርቩ ተገድሏል» የተባለ ጥርስ ከዓመታት በኋላ መልሶ ሲያመረቅዝ ያለው ምርጫ መነቀል ብቻ አይደለም፤ ሩት ካናሉን፣ ማለትም በሥሩ ውስጥ ያለውን ቀጭን ቦይ አጽድቶ የመሙላቱን ሕክምና፣ መድገም ይቻላል። ሐኪሙ ግን መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት የመጀመሪያው ለምን እንዳልያዘ ማወቅ አለበት። አለዚያ የቀድሞው ጉድለት በአዲስ ሙሌት ይሸፈናል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያልተገኘ ቦይ ነው። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ሦስት ሥር ይኑረው እንጂ አራተኛ ቦይ አዘውትሮ ይገኝበታል። ሙሌቱ ጫፍ ሳይደርስ ቀርቶ ወይም ከላይ ተሸርፎ ምራቅ አስገብቶም ይሆናል። ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ ግን መድገም ገንዘብ መጣል ነው። የገብስ ቆሎ በሚቆረጠምበት በመንዝና አካባቢው፣ ሩት ካናል ተሠርቶለት ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ያልለበሰ መንጋጋ ቢሰነጠቅ አይገርምም። የሐኪሙ ቀጭን የድድ መለኪያ ድድ ሥር በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ጠልቆ ከገባ ስንጥቅ ይጠረጠራል።

ራጅ ሁለት ይነሣል፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ ሌላው 20 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ዞሮ። በአንዱ ብቻ ቦዮቹ ተደራርበው ይታያሉ።

ከማደንዘዣው በኋላ ጥርሱ በቀጭን የጎማ መሸፈኛ ከምራቅ ይለያል። ያለዚህ የሚሠራ ሥራ ጀርም እያስገቡ ጀርም ማውጣት ነው። ክራውኑ ይወልቃል ወይም ይበሳል።

ትዕግሥት የሚፈትነው ጋታ ፐርቻውን፣ ማለትም ቦዩ የተሞላበትን ጎማ መሰል ነገር፣ ማውጣት ነው። የላይኛው ሲሶ በሚሽከረከር ፋይል (ቦዩን በሚፍቅ ቀጭን የብረት መሣሪያ) ቶሎ ይወጣል። ወደ ታች አንድ ሁለት ጠብታ ማሟሚያ ይጨመራል፤ ክሎሮፎርም ፈጣን ነው፣ ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኘው ዩካሊፕቶል ይዘገያል። ማሟሚያው ከበዛ ጋታ ፐርቻው እንደ ሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ በመጨረሻው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ላይ ባይጨመር ይሻላል። እዚያ 20 ወይም 25 ቁጥር ውፍረት ያለው ሄድስትሮም የሚባል ፋይል ከሙሌቱ ጎን ገብቶ፣ ትንሽ ዞሮ፣ ወደ ላይ ይሳባል። ፋይሉ በቦዩ ግድግዳ ላይ በተፈጠረ እርከን ከቆመ አይገፋም፤ የ10 ቁጥር ፋይል ጫፍ በትንሹ ታጥፎ መንገድ ይፈለጋል። የተገፋ ፋይል ወይ ይሰበራል ወይ ሥሩን ይበሳል።

የሥሩ ርዝመት በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ተለክቶ በራጅ ይረጋገጣል። ማጠቢያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በረኪና የሚሠራበት ኬሚካል ማለት ነው፣ ከ2.5 እስከ 5.25 በመቶ። መርፌው ቦዩን ሳይዘጋ በቀስታ ይረጫል፤ በኃይል ከተገፋ ከጫፉ አልፎ ፊትን ወዲያው ያሳብጣል። በመጨረሻ 17 በመቶ ኢዲቲኤ (በግድግዳው ላይ የቀረውን የፍቅፋቂ ብናኝ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ለአንድ ደቂቃ ይቀመጣል። ሌላው ጀርም ገዳይ ማጠቢያ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ ከሃይፖክሎራይት ጋር ከተገናኘ ቡናማ ዝቃጭ ሠርቶ ቦዩን ይደፍናል።

መግል ካለ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ቦዩ ውስጥ ተጨምሮ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ለሚመላለስ ታካሚ ወሳኙ ጊዜያዊ ሙሌቱ ነው፤ ውፍረቱ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ቀጠሮው ሳይደርስ ከወደቀ መታገሥ አያዋጣም፤ ምራቅ ገብቶ ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል።

ሕመሙ ሲጠፋና ቦዩ ሲደርቅ ይሞላል፣ መንጋጋ ከሆነም ሳይዘገይ ክራውን ይለብሳል። ለጥቂት ቀናት ሲነክሱበት ቢያም የተለመደ ነው፤ እብጠትና ትኩሳት ግን ወደ ሐኪም ያስመልሳል። በ6 ወርና በ1 ዓመት ራጅ ይነሣል። በጫፉ ዙሪያ የነበረው ጥቁር ጥላ እያነሰ ከሄደ አጥንቱ እየዳነ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እስከ 4 ዓመት ሊወስድ ይችላል።