ፍላሹ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ፦ የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስ እንዴት እንጠብቅ?

እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። አሳትማ፣ አስጠርዛ፣ ደስ ብሏት መጣች። ማታ ፍላሹን ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ፎልደሮቿ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል። መጠናቸው አንድ፣ ሁለት ኪሎባይት። አንዱን ከፈተችው። ተከፈተ፤ ፋይሎቹም አሉ። «ይሠራል እኮ!» ብላ ተወችው። በሳምንቱ የእኔ ፍላሽ፣ የጎረቤት ልጅ ፍላሽ፣ የአባታችን ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ ሳይቀር ቀስት በቀስት ሆነ።

ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ይሄ ነው። ተንኮሉ ቀላል ነው። እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በስማቸው የውሸት በር ይሠራል። በሩን ስትነኩት መጀመሪያ ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። እህቴ «ይሠራል» ያለችው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ይያዛል።

ስለ ቫይረስ ከውጭ የሚመጣው ምክር አብዛኛው «የማታውቁትን ኢሜይል አትክፈቱ» የሚል ነው። ክፋት የለውም። ግን እኛ ሰፈር ቫይረስ በኢሜይል የገባበት ቤት አላውቅም። እኛ ዘንድ በእጅ ነው የሚመጣው፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፊልም ከሚጭነው ልጅ፣ ከኮምፒውተር ጠጋኙ። ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1978 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1986) ከፓኪስታን ላሆር የተነሳው ብሬይን የተባለው የፒሲ ቫይረስ ዓለምን የዞረው በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ስለዚህ እኔም የምጀምረው ከእጅ ላይ ካለው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሁለት ደቂቃ ሥራ አለ።

መጀመሪያ፦ ዘበኛው መኖሩን እዩ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ አንቲቫይረስ አላችሁ። ዲፌንደር ይባላል፤ ከዊንዶውሱ ጋር በነጻ የሚመጣ ነው። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱት። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» የሚለው ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ደህና ነው። «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» ጠፍቶ ካገኛችሁት አብሩት። እዚያው «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚል አለ፤ እሱም ይብራ። ሌላ ፕሮግራም ሹልክ ብሎ ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚከላከል ነው።

ለአንድ ቤት ይሄ ይበቃል። «የሚከፈልበት አንቲቫይረስ በክራክ አለኝ፣ ልጫንላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ (ክራክ ማለት የሚከፈልበት ፕሮግራም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ተነካክቶ ሲመጣ ነው) ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ ዲፌንደር ዞር ይላል። የገባው የተነካካ ከሆነ ደግሞ ዘበኛ አሰናብቶ ሌባ መቅጠር ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱና «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ቲክ አድርጉ (ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ውስጥ እዚያው ታገኙታላችሁ)። አሁን የፋይሎቻችሁ ስም ከነጅራቱ ይታያል። ፒዲኤፍ መስሏችሁ ልትከፍቱት የነበረው ነገር ጅራቱ «ኢኤክስኢ» ከሆነ ሰነድ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው።

ሁለተኛ፦ የውጭ ፍላሽ ይኑራችሁ

ቤታችን ውስጥ አሁን አንድ ትንሽ ፍላሽ አለች፤ ቀይ ክር የታሰረባት። ከቤት የምትወጣው እሷ ብቻ ናት። ፎቶ አይቀመጥባትም፣ ጽሑፍ አይቀመጥባትም። የሚታተመው አንድ ፋይል ብቻ ተገልብጦባት ትሄዳለች።

ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ውሰዱት። ይሄ ለቫይረሱ ብቻ አይደለም። እነሱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ የአማርኛ ፎንት ከሌለ የወርድ ፋይሉ ሲከፈት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ገጹም ይዘበራረቃል። ወረፋ የያዘው ሰው ከኋላ እያጉረመረመ ገጽ ማስተካከል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ፍላሿ ስትመለስ ውስጧን አትዩ። ሰክታችሁ ምልክቷ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፎርማት»፣ «ስታርት»። ጨረሳችሁ። ምንም ስለሌለባት ምንም አይጠፋም። ሲሰካ የትኛው እንደሆነ በደንብ ማየት ግን አትርሱ፤ በስህተት የፎቶውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ።

ከዚህም የሚሻለው ፋይሉን ከቤት በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ መላክ ነው። አብዛኞቹ ይቀበላሉ። ግን እናንተ ላኩላቸው እንጂ እነሱ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ቴሌግራም ወይም ጂሜይል አትክፈቱ። ከፍታችሁ ካወቃችሁ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን እዩ። የማታውቁት ኮምፒውተር ተዘርዝሮ ካገኛችሁ አስወጡት። እኔ ሳየው ከሁለት ዓመት በፊት የከፈትኩበት ኮምፒውተር እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር።

ፊልም የምታስጭኑበት ሃርድ ዲስክ ግን ሁልጊዜ ፎርማት ይደረግ ማለት አይቻልም። እሱን ስትሰኩ ከመክፈታችሁ በፊት ራይት ክሊክ አድርጉና «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» በሉት። ዊንዶውስ 11 ላይ ካላገኛችሁት «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ይኖራል። ከፊልሞቹ መሃል ቀስት ያለበት ወይም ጅራቱ «ኢኤክስኢ» የሆነ ካለ አትንኩት። ማጥፋት ነው።

ፍላሹ ቀስት ካወጣስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል፣ የዓመት ሥራው አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ እኮ አልጠፋም፤ ተደብቋል እንጂ።

ቀስቶቹን አንዱንም አትክፈቱ። በመጀመሪያ ፍላሹን ከላይ እንዳልኩት ስካን አድርጉ። ዲፌንደር ያገኘውን እንዲያጠፋ ፍቀዱለት። ከዚያ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ቲክ አድርጉ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ካሉ ተገላገላችሁ። ካልታዩ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቪው» የሚለው ገጽ ላይ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ቲክ አንሱት። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ «የስ» በሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ነገር ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል፤ ባዶ ስም ያለው ነገር ካያችሁ እሱንም ፈትሹ።

አሁን የራሳችሁን ጽሑፍና ፎቶ ብቻ እየመረጣችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ አዲስ ፎልደር ገልብጡ። ቀስቱን አትገልብጡ፣ የማታውቁትን ፋይል አትገልብጡ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ መሥራታቸውን እዩ። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጉት ከዚህ በኋላ ነው። ያነሳችሁትን ቲክ መልሱ፤ የዊንዶውሱን ፋይሎች ልጆች እንዳያጠፏቸው።

ቀስቱን አንድ ጊዜም ቢሆን ከፍታችሁት ከነበረ ግን ኮምፒውተሩም ተይዟል ብላችሁ አስቡ። «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ፉል ስካን» አስጀምሩ። ረጅም ነው። አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ በልታችሁ ብትመለሱም ላያልቅ ይችላል። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት መምረጥ የእናንተ ዕድል ነው። ከዚያው ዝርዝር «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለው ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውሱ ሳይከፈት ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ተደብቆ የሚያስቸግረውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ክራክ

የማይወደድ ነገር ልናገር። ዊንዶውስም ኦፊስም ገዝቶ የሚጠቀም ሰው በመንደሬ አላየሁም፤ እኔም ሰባኪ ልሁን አልልም። ግን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት» ብሎ የሚጀምር መመሪያ ሲመጣ ቆም በሉ። ቁልፉን ስጠኝና ዘበኛውን አሰናብት እንደማለት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ጋር የሚመጣው ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፎልደር አይደብቅም፤ ምንም ምልክት አያሳይም። ክሮም ላይ «አስታውስልኝ» ያላችሁትን የይለፍ ቃል ሁሉ ለቅሞ ይሄዳል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ክፍት የሆነውን ቴሌግራምም አብሮ ሊወስደው ይችላል።

ለቤት ሥራ ከሆነ ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ ነጻ ነው፣ ወርድ ይከፍታል። ቪዲዮ ለማየት ቪኤልሲ አለ። ሁለቱንም ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርዱ። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ፕሮግራም የግድ ካስፈለጋችሁ ቫይረስ ቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጫኑትና ውጤቱን እዩ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይፈትሹታል። መታወቂያችሁን ወይም የሥራ ሰነድ ግን እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነውን ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ።

ማሻሻያ፣ በዳታ እጥረት መሃል

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። ማንም ምንም ሳይነካ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ ተሻገረ። የሚገርመው ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ መጋቢት ላይ አውጥቶት ነበር፤ ሁለት ወር ቀድሞ። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

እኛ የማንጭነው ዳታ እንዳይበላብን ነው። ከስልክ ሆትስፖት የሚጠቀም ሰው «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያበራና ይረሳዋል፤ ዊንዶውሱም አብዛኛውን ማሻሻያ በራሱ ማውረድ ያቆማል። ማብራቱ ልክ ነው። በወር አንድ ቀን ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ራሳችሁ አስጀምሩት። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ፦ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለተጨማሪው የደህንነት ማሻሻያ ካልተመዘገባችሁ አዲስ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንላችሁም።

መጠባበቂያ ቅጂ

አጭር ነው። የማይተካ ፎቶና ሰነድ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ከገለበጣችሁ በኋላ ነቅላችሁ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ምንም ብታደርጉ አልጸዳ ካለ

ያኔ ጠጋኝ ጋ ትሄዳላችሁ፤ እሱም «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ብቻ ኮምፒውተሩን ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን አውጡ፤ «ዲ (ዊንዶውሱ የሌለበት የዲስክ ክፍል) ላይ ያለውን አልነካም» የሚለውን ቃል አትመኑ። የጂሜይል፣ የቴሌግራምና የባንክ ይለፍ ቃላችሁን ደግሞ በስልካችሁ ቀይሩ፤ በተያዘው ኮምፒውተር ላይ የምትቀይሩት ከሆነ አዲሱንም ይሰርቀዋል። ኮምፒውተሩ ሲመለስ ዊንዶውሱ አዲስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዲፌንደሩ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ክራኩን ለመጫን ሲሉ ያጠፉታል። ሒሳቡን ከፍላችሁ ከሱቁ ሳትወጡ እዚያው ቆማችሁ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱና አረንጓዴ መሆኑን እዩ።