ውሻው ከጊኒ ፒጎቹ ላይ ዓይኑን አልነቅልም ሲል

ከሁለት ዓመት በፊት የልጄ አጎት አንድ ካርቶን ታቅፎ ለገጣፎ እኛ ቤት ከች አለ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጊኒ ፒጎች ነበሩ፤ አይጥ የሚመስሉ፣ ጭራ የሌላቸው ትንንሽ የቤት እንስሳት። "ለልደቷ ነው" አለ። ልጄ በደስታ ጮኸች። ቦቢ ግቢ ሆኖ ጮኸ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

ቦቢ ዘበኛችን ነው። የሐበሻ ውሻ፣ ያኔ አራት ዓመቱ፣ የጎረቤት ዶሮ ቀምሶ የሚያውቅ። ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ያለ ውሻ ማደር ከባድ ነው፤ ማታ ማታ ጅቡ ከአጥራችን ጀርባ ነው የሚጮኸው። ጊኒ ፒጎቹን መልስ ብል ደግሞ ልጄ አታናግረኝም። በዚያው ቀን ስም አውጥታላቸዋለች፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ቆሎ። ጎረቤታችን እማማ እስካሁን "ያቺ አይጥ" ነው የሚሏቸው።

እንግዲህ ሁለቱንም ይዞ መኖር ተማርን። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልናገር። ጓደኛ ላደርጋቸው ብላችሁ አትነሱ። ውሻ ጊኒ ፒግ አቅፎ የተኛበትን ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ይሆናል። እርሱት። የሚያዋጣው በአንድ ግቢ ሳይገናኙ ማኖር ነው።

ውሻው ኬጁ ፊት ተተክሎ ያፈጣል

ምልክቱን ልብ በሉት። አፉ ይዘጋል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ጆሮው ይቀሰራል። ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ በቀጭኑ ያላዝናል። "ኧረ ጭራውን እየቆላ ነው፣ ወዷቸዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። ጭራ መቁላት ውሻው መነቃቃቱን ነው የሚነግራችሁ። ቦቢ ድመት ሊያባርር ሲልም ይቆላል።

ምክንያቱ ቁጣ አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። አደን ነው። ውሻ ሲያድን መጀመሪያ ያፈጣል፣ አድብቶ ይጠጋል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ ነክሶ ያራግፋል። ማፍጠጡ የዚያ መጀመሪያ ነው። ጊኒ ፒግ ደግሞ ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ ስትደነግጥ ትሮጣለች፣ ከሁሉ የባሰው ግን ጩኸቷ ነው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ጎመን የመጣ መስሏት "ዊክ! ዊክ!" ትላለች። ቦቢ በሰላም ተኝቶ ቆይቶ ብድግ የሚለው በዚያ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ እንዳያይ አድርጉት። ኬጁን በሩ ወደ ግቢ ከሚከፈት ክፍል አውጡና ወደ ጓዳ ወይም መኝታ ክፍል ውሰዱት። ሦስቱን ጎን በጨርቅ ወይም በጣውላ ሸፍኑት፤ አየር እንዲያገኙ አንዱ ጎን ይበቃል። ጎመኑንም ውሻው ውጭ ባለበት ሰዓት ስጡ።

ከዚያ ሥልጠና ይመጣል። ውሻውን በገመድ ያዙት። ኬጁ ከሩቅ ከሚታይበት ቦታ ቁሙና ስሙን ጥሩት። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወዲያው የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ አጉርሱት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለቴ። በሚቀጥሉት ቀናት ግማሽ እርምጃ፣ ግማሽ እርምጃ እያላችሁ ቅረቡ። ሳንባውን ዞር ብሎ ካላየው በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመለሱ። ቦቢ ስሙን ሰምቶ ለመዞር ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። የጎረቤቴ ውሻ ከሁለት ወር በኋላም አልዞር ብሏል። እንዲህ ያለ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም፣ በቃ።

ዱላ አይሠራም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሬው ነበር። ቦቢ የተማረው እኔ ባለሁበት አለማፍጠጥን ብቻ ነው። ዘወር ስል ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ውሻ ቀን አስረን ሌሊት እንለቃለን። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ውሻ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያቅበጠብጠዋል። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ለግማሽ ሰዓት በገመድ ብታዞሩት ለውጡን በሳምንት ታዩታላችሁ።

ጊኒ ፒጓ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች፣ "ለምዳዋለች" ትላላችሁ

አልለመደችም። ጊኒ ፒግ የምትታደን እንስሳ ናት፤ የትውልድ አገሯ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ አካባቢ ነው። አዳኝ ስታይ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ ትፈተለካለች ወይ ድንጋይ ትሆናለች። ዓይኗ ፈጥጦ፣ ሳታኝክ፣ ሳትንቀሳቀስ ከቆየች ፈርታለች። ጥርሷን ካንቀጫቀጨች ደግሞ "አትጠጋኝ" ማለቷ ነው።

መደበቂያ ስጧት። የማካሮኒ ካርቶን ገልብጣችሁ ሁለት በር ክፈቱለት። አንድ በር ብቻ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ውስጥ ታግታታለች። ኬጁን የጠረጴዛ ከፍታ ላይ አድርጉት፣ የውሻው ፊት ከፊቷ ጋር እንዳይገጥም። ጠረጴዛው ግን የማይነቃነቅ ይሁን፣ ኬጁም ክዳን ይኑረው። ከዚያ ከፍታ ብትወድቅ እግሯ ይሰበራል።

ሽቦው ተጣሟል፣ ኬጁ ተገልብጧል

የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ያግዳታል እንጂ ውሻን አያቆምም። በጥርሱ ይዞ ይስበዋል፣ ይተረተራል። ብረት በያጅ ጋ ሄዳችሁ ወፈር ያለ የተበየደ ሽቦ በብረት ፍሬም አሠሩ። ቀዳዳው የውሻ አፍንጫ የማያስገባ ይሁን። ወለሉ ግን ሽቦ እንዳይሆን፤ እግራቸው ሥር ይቆስላል። ጣውላ ላይ ላስቲክ አንጥፉና ድርቆሽ ጨምሩበት። እዚህ ላይ ከተማ ዳር መኖር ይጠቅማል። ከመስቀል በኋላ የሱሉልታ ሣር ሲታጨድ አንድ እስር ድርቆሽ ከገዛችሁ ለሁለት ጊኒ ፒግ ረጅም ጊዜ ይሄዳል። ዋና ምግባቸውም እሱ ነው። ሻጋታ የሸተተውን አትግዙ።

መዝጊያው በአፍንጫ ተገፍቶ የሚከፈት አይሁን። መቀርቀሪያ ከነጓጉንቸሩ ይሻላል። እኛ ቤት ሕጉ "ሁለት በር" ነው። በውሻውና በእነሱ መካከል ሁልጊዜ ሁለት የተዘጋ ነገር መኖር አለበት፤ የኬጁ በርና የክፍሉ በር። አንዱ ከተከፈተ ሌላው ይዘጋል። ልጄ ይህን ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት ነው የሸመደደችው።

ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋ ላይ ፈሳሽ ደርቋል

ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት። ሁሉም ሰው የሚፈራው የውሻውን ጥርስ ነው። ትንፋሹን የሚፈራ የለም።

ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ውሻ ላይ እንደ ጉንፋን ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ አንዳንዱ ውሻ ጭራሽ ሳይታመም ይሸከመዋል። ጊኒ ፒግ ላይ ሲደርስ ግን የሳንባ ምች ይሆንና ይገድላል። ጥንቸልም ሳትታመም ትሸከመዋለች፣ ስለዚህ ጥንቸልና ጊኒ ፒግ አንድ ኬጅ ውስጥ አታኑሩ። ምልክቱ ማስነጠስ፣ የአፍንጫና የዓይን ፈሳሽ፣ ጎኗ ከፍ ዝቅ እያለ በችግር መተንፈስ፣ ምግብ መተው ነው። እነዚህን ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ በዕለቱ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ውሻው ካሳለ ወደ ጊኒ ፒጎቹ ክፍል ድርሽ አይበል። አዲስ ውሻ ወደ ቤት ስታመጡም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ራቅ አድርጉት። ቅደም ተከተሉን ያዙ፤ ጠዋት መጀመሪያ ጊኒ ፒጎቹን አጽዱ፣ ከዚያ ውሻውን። ተገላቢጦሽ ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብስም ቀይሩ። ውሻው የላሰውን ሳህን አትስጧቸው።

ማስነጠስ ሁሉ ግን ቦርዴቴላ አይደለም። እኛ ቤት አንድ ሰሞን የነበረው ጥፋት የኔ ነበር። ከእንጨት ቤት የጽድ ሰጋቱራ በነፃ አግኝቼ አነጠፍኩላቸው። ጽድ ሽታው ለእኛ ደስ ይላል፣ ለእነሱ ሳንባ ግን ይከብዳል። ሽንት የጠጣ ምንጣፍም እንዲሁ። የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ጭስም አለ፤ ቡና የምናፈላበት ክፍል ውስጥ ኬጅ አይቀመጥም። ሽንቱ ደርቆ ነጭ የሆነውን በአቸቶ እጠቡት፣ በደንብ ይለቃል። በረኪና ከተጠቀማችሁ አለቅልቃችሁ ሽታው እስኪጠፋ አናፍሱት።

ብርዱንም አስቡ። ለጊኒ ፒግ የሚመቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ታኅሣሥ ላይ ሌሊት በረዶ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ምጣድ። ሁለቱም አይሆንም።

ሁለቱም ያካሉ

ቁንጫ ከውሻው ወደ እነሱ ይሻገራል። ጭርትም ይሻገራል፤ ያውም ከእነሱ ወደ ልጆች። ክብ መላጣ ቆዳ ካያችሁ ጠርጥሩ። የውሻውን የቁንጫ መድኃኒት ግን ጊኒ ፒግ ላይ እንዳትቀቡ፣ ሊመርዛት ይችላል። ውሻውን አክሙ፣ ምንጣፉን ለውጡ፣ ለእነሱ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ምግብ ትተዋለች

ውሻው ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ ከሆነ ከድንጋጤ ሊሆን ይችላል። ጊኒ ፒግ ሆዷ ባዶ መቆየት አይችልም፤ አንጀቷ ይቆማል። ግማሽ ቀን ምንም ካልቀመሰች አጣዳፊ ነው።

ሌላው ምክንያት ቫይታሚን ሲ ነው። እንደ እኛ እሷም ራሷ አትሠራውም። በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ትፈልጋለች። ካጣች መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ መራመድ ያቅታታል። ቁራጭ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ወይም ትንሽ ዘይቱን፣ ከጎመን ቅጠል ጋር፣ ይበቃታል። የዶሮ መኖ አይሆንም። አቮካዶና ሽንኩርት ክልክል። ሽንኩርት ለውሻውም ጎጂ ነውና የወጥ ትርፍራፊ ስትሰጡት አስቡበት።

ውሻው በጠጣቸውን ለቅሞ ቢበላ? ያስጠላል እንጂ ብዙም አያሳስብም።

ምንም ምልክት የለም፣ ውሻው ጨዋ ሆኗል

እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ቦቢ ኬጁን ማየት ትቶ ነበር። ኮራሁበት። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። እማማ ለቡና መጥተዋል። ብርሃን እንዲገባ በሩን ወለል አድርገን ከፍተናል። ልጄ ዳቦን ጭኗ ላይ አድርጋ ታበላለች። ቦቢ እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ተጋድሟል። ዳቦ ከጭኗ ዘላ ሮጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁትም፣ ያን ያህል ፈጣን ነበር። እማማ ረከቦቱን ገፍተው ሲጮሁ ቦቢ ደንግጦ ለቀቃት።

ደም አልነበረም። "ተረፈች" ብለን አቅፈን ሳምናት። ማታ ልጄ ስትዳብሳት ጎኗ ላይ እርጥብ ነገር አገኘች። ጸጉሩን ገለጥ ስናደርገው የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ሁለት ጉድጓዶች።

የውሻ ጥርስ ከላይ ትንሽ፣ ከውስጥ ጥልቅ ነው የሚወጋው። አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ስለዚህ በጥርሱ ከነካት፣ ደም አያችሁም አላያችሁም፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ሙቀት ሰጥታችሁ፣ ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም። ብዙዎቹ ሐኪሞች የሚያዩት ላም፣ በግና ዶሮ ነው፤ ጊኒ ፒግ መሆኗን ቀድማችሁ ደውላችሁ ንገሩ። ለእኛ ቅርብ የሆነው አላይም አለና ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል ድረስ ሄድን።

አሞክሳሲሊን እንዳትሰጧት። እኔን አንድ ፋርማሲ "ለሕፃን የሚሆነውን በጠብታ ስጣት" ብሎኝ ነበር። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ በአፍ ሲሰጡ የጊኒ ፒግን ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያ ጨርሰው ይገድሏታል። ለእሷ የሚሆን ሌላ አንቲባዮቲክ አለ፣ ሐኪሙ ያውቀዋል።

ስታላቅቋቸው እጃችሁን ውሻው አፍ ውስጥ አትክተቱ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። ውሻው ክትባቱን በየዓመቱ መውሰዱን የሚያሳየውን ደብተር የት እንዳስቀመጣችሁ አሁኑኑ እዩት።

ዳቦ ዳነች። ቦቢ አንገት ላይ ከመርካቶ የመጣ ቃጭል አንጠለጠልን፣ የት እንዳለ እንድንሰማው ብለን። ዳቦ ቃጭሉ ሲንቃጨል ካርቶኗ ውስጥ ትገባለች። ቆሎ ግን ቀና እንኳን ሳትል የዳቦንም ጎመን ትጨርሳለች።